የዘይኔ መጋለቢያዎች

ሚስተር ቫሱ እኛ ግቢ የኖሩት ለአንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እናቴ ለሰውየው ስታዝን ነበር ያሳለፈችው። ሥጋ አይበሉም። ከሚሴን ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ነገር ይመስለዋል። ገበያው የከብት፣ ወሬው የከብት፣ ጠቡም የከብት በሆነበት አገር ጤነኛ ጎልማሳ ሥጋ አይበላም ከተባለ፣ ለእናቴ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ስለት አለበት፣ ወይ አንጀቱን ታሟል። ስለዚህ ምስርና ጎመን ስትወስድላቸው የታመመ ሰው እንደምትጠይቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ሰውየው ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበሩ። አባቴ እኔ በተወለድኩ በዓመቱ ስለሞተ እናቴ የኋላውን ክፍል ታከራያለች፤ እሳቸውም በትምህርት ቤቱ በኩል መጥተው ተከራዩት። ይህ የማወራው በሆነ ጊዜ እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ወንድሜ ሙሐመድዘይን፣ እኛ ዘይኔ የምንለው፣ አሥራ ሰባት። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። ይህን ዓመት ስጠራ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸው ይለወጣል። እኔ ከዚያ ዓመት አብዝቼ የማስታውሰው ግን ሳቅ ነው። ችግሬም ይኸው ነው።

የሚስተር ቫሱ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ሆዱ የተቆዘረ፣ ራሱ የዝሆን የሆነ፣ አራት እጅ ያለው ፍጡር አንዲት አይጥ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ሥዕሉን ባየች ቀን ምስሩን እንደያዘች ተመለሰች። ከጎረቤታችን ከእታ አስያ ጋር አጥር ላይ ቆመው በኦሮምኛ ሲያንሾካሹኩ ግማሹን ሰማሁ። ጣኦት ባለበት ቤት ኪራይ መብላት ሽርክ፣ በአላህ ላይ ማጋራት፣ ይሆን? እንግዳን በሥዕል ምክንያት ማባረርስ በደል አይሆን? መጨረሻ ላይ እናቴ ራሷ ፈረደች። አንድ ነጭ ሻሽ ሰጠቻቸው፤ እሷ ስትገባ ሥዕሉ ይሸፈናል፣ ስትወጣ እንዳሻቸው። ሚስተር ቫሱ ሻሹን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በሚስማር ሰቀሉት። እኔ ዝሆኑ እናቴን የሚያፍራት ይመስለኝ ነበር።

ዘይኔ የሒሳብ ጥያቄ ይዞ እየገባ የአማልክት ታሪክ ይዞ ይወጣ ጀመር። ሕንዶቹ ዘንድ እያንዳንዱ አምላክ መጋለቢያ አለው። በጥንቱ ቋንቋቸው፣ በሳንስክሪት፣ ቫሃና ይሉታል። ሺቫ በሬ ይጋልባል። ዱርጋ አንበሳ ትጋልባለች። የእውቀት እመቤት የሆነችው ሳራስዋቲ ነጭ ዝይ አላት። ያ ሁሉ ሆድ ያለው ጋኔሻ ደግሞ የተሰጠው አይጥ ነው። ዘይኔ በዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀ። ሚስተር ቫሱ አልተቀየሙም። ሴቱንና ወንዱን በሚያደባልቀው አማርኛቸው፣ ዓለም የተሠራው በጨዋታ ነው፣ ያ ጨዋታ ሊላ ይባላል፣ ስለዚህ የሚስቅ ሰው አላጠፋም አሉት። ዘይኔ ይህን ለእናቴ ሲያወራላት «ማል ጄቴ?» አለችው። ምን አልክ ማለቷ ነው፤ ግን ጆሮዋ ሳይሰማ ቀርቶ አልነበረም። ሁለተኛ አልደገመውም።

ይልቅስ መጻፍ ጀመረ።

ዘይኔ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቱ ቁርአን ቤት ተምሯል። እጁ ሲበዛ ያማረ ነበር። የቁርአን መምህሩ የሸህ እንድሪስ ደረሶች በሙሉ ሎሃቸውን፣ ማለት የሚጽፉበትን ጣውላ፣ እሱ እንዲጽፍላቸው ይለምኑት ነበር ይባላል። የሕንዶቹን ፊደል ሲያይ በቢክ እስክሪብቶ የሚያምር አልመሰለውም። ከቦርከና ወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ ቀረጸ፤ ከብረት ምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቆ በሙጫ በጠበጠ። የሎህ ቀለም ማለት ነው። በዚያ ቀለም በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አናት፣ ኦም የምትባለውን ምልክት ያኖራል፤ ሦስት ቁጥር የመሰለች፣ ከኋላዋ ጅራት ያወጣች፣ ከላይዋ ጨረቃና ነጥብ ያላት። ከሥሯ የአንድ እንስሳ ሥዕል፣ ከእንስሳው ሥር ሁለት መስመር ግጥም። በደብተሩ መጀመሪያ ላይ የየምልክቱን ስምና ትርጉም በአማርኛ ዘርዝሮ ነበር።

እኔ ገና አማርኛ ማንበብ አልችልም ነበር። ሸህ እንድሪስ ዘንድ ሎህ ይዤ መቀመጥ የጀመርኩት ግን በዚያው ዓመት ነው። ሎህ በቢስሚላህ እንደሚጀመር አውቃለሁ። የዘይኔ ገጽም ሁልጊዜ በአንድ ምልክት ይጀመራል። ቀለሙ ያው ቀለም፣ ብዕሩ ያው ሸምበቆ። ከዚህ ተነስቼ የደረስኩበት መደምደሚያ ለሰባት ዓመት ልጅ ስህተት አልነበረም፤ አሁንም ስመረምረው ጉድለት አላገኝበትም።

ግጥሞቹ የጀመሩት ከአማልክቱ ነው።

ዝሆን ራስ ጋኔሻ አይጥ ላይ ተቀምጦ፣
ድመት ያየ እንደሆን ምን ሊሆን ነው ሮጦ?

አማልክቱ ሲያልቁበት ወደ እኛ ዞረ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ መጋለቢያ ያድል ጀመር። ለሚስተር ቫሱ፣ ዜሮን ያገኘ የእኛ አገር ሰው ነው እያሉ ስለሚኮሩ፣

ሚስተር ቫሱ ይንዳ ዜሮን እንደ ጎማ፣
ቀስ ብሎ ይደርሳል ከቦምቤይ ከተማ።

ለእናቴ፣

እናቴ ሰማይ ላይ በምን ልውጣ አትልም፣
ዶሮዋን ትጭናለች፣ እንቁላሏም አይቀርም።

ለእኔ ደግሞ፣ የሰንበቴን ገበያ አንስቶ፣

ለዓዲላ ግዙላት ፍየል ከሰንበቴ፣
ሁለቱ ሲዘሉ አለቀልሽ ቤቴ።

ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያነብልናል። እናቴ ማሽላ እየለቀመች «አስተግፊሩላህ» ትላለች፣ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ በአንድ ጊዜ እይዘዋለሁ። ቁርአን ቤት የሚያስመሰግነኝ ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ የሰማሁትን አልጥልም።

አንዲት ግጥም ግን ደብተሩ ውስጥ አልነበረችም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኢብራሂም የሚባል ሰው ነበር። ዛሬ አንቱ ልለው አልፈልግም። አንድ ቀን ዘይኔና ሚስተር ቫሱ ዋርካው ሥር ቆመው ዘይኔ አንድ ነገር በሹክሹክታ አላቸው። መምህሩ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በእጃቸው የመጻፍ ምልክት አሳዩና ጣታቸውን ግራ ቀኝ አወዛወዙ። እኔ ካልነገርከኝ ብዬ ሱሪውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። ነገረኝ።

ጓድ ኢብራሂም በቅሎ ለምን ያስፈልገዋል?
የቀበሌውን ሰው ጭኖ ይጋልበዋል።

«ይቺ የአፍ ናት፤ አትጻፍም» አለኝ። እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ስድስት ብርጭቆዎች አሉ፤ የወርቅ ቀለም አፋፍ ያላቸው፣ ለትልቅ እንግዳ ካልሆነ የማይወጡ። ይቺንም ግጥም እንደነሱ ለክቡር እንግዳ ያስቀመጣት መሰለኝ።

የካቲት ላይ ትምህርት ቤት ፍተሻ ተደረገ። ዘይኔ ለአንድ የክፍል ጓደኛው የራሱን መጋለቢያ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቶት ኖሮ፣ ያቺ ብጣሽ ከልጁ መጽሐፍ መሃል ወጣች። ከላይዋ ኦም አለችበት። ፈታሾቹ ሊያነቧት አልቻሉም። ሊያነቡት ያልቻሉት ነገር ሁሉ የአናርኪስት ምልክት በሆነበት ወር ነበር። ሰኞ ቀትር ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቤታችን መጡ። አንደኛው የእታ አስያ የእህት ልጅ ነው። እናቴን «አካም ጂርታ» ብለው፣ ደህንነቷን ጠይቀው፣ ለአንድ ጉዳይ ነው ብለው ወሰዱት። ቤቱን አልፈተሹም። እንዲህ በትህትና ስለመጡ ግብዣ የጠሩት መስሎኝ እኔም ልከተል ተነስቼ ነበር። ዘይኔ ጎንበስ ብሎ ሳመኝና ደብተሬን ጠብቂልኝ አለኝ። ደብተሩ ከጎታው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለ የእህል መጋዘን ታሰረ። ሚስተር ቫሱ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እየሄዱ ደጅ ይጠናሉ። እናቴ ማክሰኞ ምግብ አድርሳ ተመለሰች፤ ከዚያ ተኛች። ማንም አልነካትም፣ አላተኮሳትም፣ አላሳላትም፤ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እህል ውሃ አልቀምስም አለች። እታ አስያ እየመጣች ታገላብጣታለች። «ረቢአ፣ እስቲ ለልጅቱ ስትይ» ትላታለች።

ሐሙስ ጠዋት መላ መጣልኝ።

የእኛ አገር ሰው ሲታመም ሸሁ ዘንድ ይሄዳል። ሸሁ ሎህ ላይ አንቀጽ ይጽፉና በውሃ ያጥቡታል፤ ጥቁሩን ውሃ በሽተኛው ይጠጣዋል። እኔም ፈንጣጣ ሲነካኝ ጠጥቼ ድኛለሁ። ሸህ እንድሪስ ግን ያን ሳምንት ለዚያራ፣ የተከበረ ስፍራ ሊጎበኙ፣ ወጥተዋል። ቤታችን ውስጥ በሎህ ቀለም የተጻፈ ነገር ደግሞ አለ፤ ያውም ሃምሳ ሉክ። ሚስተር ቫሱ የተቀደሰ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሕጉን አላፈረስኩም። ሎህ የሚታጠበው ያለበት በቃል ከተያዘ በኋላ ነው፤ ሳይዙት ማጠብ ያስገርፋል። ስለዚህ ሳፋ ላይ ውሃ ገልብጬ ደብተሩን ከፈትኩና፣ ሥዕሉን እያየሁ የያንዳንዱን ገጽ ግጥም በቃሌ ወጣሁት። ከወጣሁት በኋላ ገጹን ውሃ ውስጥ አገባሁ። አይጧ ሟሟች። በሬው ሟሟ። የእኔ ፍየል ቀንዷ መጨረሻ ሄደ። የሎህ ቀለም እንዲታጠብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ወረቀት ላይ እንኳ ለመልቀቅ አያንገራግርም። ትርጉሞቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ግጥም ስላልነበረበት መጀመሪያ አጠብኩት። ሲያበቃ ውሃው እንደ ሌሊት ጠቆረ፤ ወረቀቱ እጄ ላይ እንደ ገንፎ ሆነ።

አንድ ጣሳ ሙሉ ይዤ ገባሁ። እናቴ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የዘይኔ ጽሑፍ ነው አልኳት። ቁርአን ቤት የጻፈው የድሮ ሎህ መሰላት መሰለኝ፤ ተነስታ ተቀመጠች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ሳትተነፍስ ጨለጠችው። ጥላሸቱ በከንፈሯ ዙሪያ ቀረ። እኔም በሻሿ ጫፍ ጠረግኩላት።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ሽንኩርት ከተፈች። የዘይኔ ጽሑፍ አዳናት ብዬ እታ አስያ ቤት ድረስ ሮጬ ልናገር ወጣሁ። ብዙ ዓመት እንደዚያ ሳምን ኖሬያለሁ። የተነሳችው ግን ሚስተር ቫሱ በሩን አንኳኩተው ስለነገሯት ነው። ኢብራሂም ከእኛ ጋር ዘመድ ስለሚጠራራ ልጁን መልቀቅ አይጠላም። ቅዳሜ ከደሴ መኪና ይመጣል፤ ጉዳዩ ያልጠራለትን ይጭናል። ከዚያ በፊት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ደብተሩ በሙሉ ይቅረብልኝ፣ ትርጉሙን ልየው፣ ጨዋታ ከሆነ ልጁን ውሰዱ ብሏል። ሚስተር ቫሱ ይህን ሲናገሩ ስለቸኮሉ ሻሹን ሥዕሉ ላይ ሳይጥሉ፣ በራቸውን እንደከፈቱ ነበር የመጡት። እናቴም ወደዚያ አላየችም።

«ዓዲላ፣ የወንድምሽን ደብተር አምጪ» አለችኝ።

ሽፋኑን አመጣሁ። እናቴ ሽፋኑን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ጣሳውን አየች። እጇን ወደ ከንፈሯ ወሰደች። ልትመታኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታችኝም። ሚስተር ቫሱ መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ ተናገርኩ። ምንም አልጠፋም፣ ሁሉንም ይዤዋለሁ አልኩ። ሎህ ካልተያዘ አይታጠብም። ከጋኔሻ ጀምሬ ወጣሁላቸው። ሚስተር ቫሱ ቀና አሉ። እሳቸው የየምልክቱን ትርጉም ያውቃሉ፣ አማርኛውን ግን በቃላቸው አያውቁም። እኔ አማርኛውን አውቃለሁ። ሁለታችን ስንደመር ደብተሩ እንሆናለን። ይህን ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዓርብ እናቴ ራሴን ሠርታ፣ የዒድ ቀሚሴን አልብሳ እስከ ቀበሌው አጥር ድረስ አደረሰችን። ሴት ሁሉ ደጅ ቀርታ ስለነበር እሷም ቀረች። መንገድ ላይ ሚስተር ቫሱ እጄን ይዘው ደጋግመው ያሉኝ አንድ ነገር ነው። «ደብተር ውስጥ ያለ ብቻ። ሌላ የለም። እሺ ዓዲላ?» እሺ አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። መሃሉ ላይ ያለው ኢብራሂም ነው። በሩ ላይ የእታ አስያ የእህት ልጅ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ሚስተር ቫሱ ኦምን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሳሉ፤ ድምፅ ነው፣ የዓለም የመጀመሪያ ድምፅ ነው አሉ። ቫሃና መጋለቢያ ነው፣ ሊላ ጨዋታ ነው እያሉ አንድ በአንድ አስረዱ። ሰዎቹ ማስታወሻ ያዙ፤ አልሳቁም። ከዚያ እኔ ጀመርኩ።

አይጧ ላይ ስደርስ በግራ የተቀመጠው ሰውዬ አፍንጫውን ነፋ። የእናቴ ዶሮ ላይ ሦስቱም ሳቁ። ኢብራሂም «ረቢአ ነች እኮ፣ ወላሂ እሷው ነች» አለ፤ እናቴ ለእንቁላል ያላት ስስት ሰፈር የሚያውቀው ነው። ዜሮው ላይ ሚስተር ቫሱን እያዩ ጠረጴዛ መቱ። ፍየሏ ላይ አንደኛው ዓይኑን ጠረገ። በሩ ላይ ያለው ልጅ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሆዱን ያዘ። እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ በሳቁ ቁጥር ዘይኔ ወደ ቤት አንድ እርምጃ ይቀርባል። በዚህ አልተሳሳትኩም። ኢብራሂም ብጣሿን ወረቀት አንስቶ ለጎኑ ሰው «ይኼ የልጅ ቀልድ አይደል እንዴ» ማለቱን በደንብ አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አለቀ?» አለኝ።

ሸህ እንድሪስ ደረሳውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠይቁት። የቀረው ካለ «ቀርቷል» ማለት አለበት፤ ያልጨረሰ ጨረስኩ ካለ ይገረፋል። ደግሞም ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው የቀበሌው ትልቅ ሰው ነው፤ ያቺ ተጠብቃ የቆየች ግጥም ለእሱ ካልወጣች ለማን ልትወጣ ነው?

«አንዲት ቀርታለች» አልኩ። የሚስተር ቫሱ እጅ እጄን ጨመቀኝ። ያበረታቱኝ መሰለኝ። አልኳት።

በሩ ላይ ያለው ልጅ ሳቀ፤ ግን መሃል ላይ አቆመው። የቀሩት አልሳቁም። ኢብራሂም ብቻውን ፈገግ አለ።

«ድገሚያት።»

ጮክ ብዬ ደገምኳት።

«ማን ነው ያወጣት?»

«ዘይኔ።»

እስክሪብቶ አንስቶ ጻፋት። አትጻፍም የተባለች ግጥም ስትጻፍ ቆሜ አየሁ፤ እንደዚያ ስላከበራት ደስ አለኝ። ከመሳቢያው ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነሽ አለኝ። ስንወጣ ሚስተር ቫሱ እጄን አልለቀቁም፤ መዳፋቸው ግን ረጥቦ ነበር። እናቴ አጥሩ ጋ እየጠበቀች ምን አሉ ብላ ጠየቀቻቸው። ሚስተር ቫሱ ለረጅም ጊዜ ቃል ሲፈልጉ ቆዩ። አማርኛ የጠፋባቸው መሰለኝ። መጨረሻ ላይ፣ ዓዲላ ጥሩ አድርጋ አለች፣ ሰዎች ሳቁ አሏት። እናቴ መንገድ ላይ ተንበርክካ ጉልበቴን አቀፈችኝ።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ዘይኔ ከተጫኑት አራት ልጆች አንዱ ነበር።

እናቴ በየሳምንቱ ምግብ ይዛ ወደ ደሴ ትሄድ ጀመር። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ምግቡን እንደያዘች ተመለሰች፤ ከእንግዲህ እንዳታመጪ ብለዋት። እኔ በዚያ ምግብ ተደስቼ በላሁ። የት ሄደ ስል ማንም ስላልነገረኝ ራሴ ወሰንኩ፤ ዘይኔ ሕንድ ሄዷል። እዚያ ሥጋ አይበላም፤ የእናቴ ወጥ ደግሞ ሥጋ ነበረው። ይህን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነገርኩ። እናቴ ስነግራቸው እየሰማች አላረመችኝም።

ሚስተር ቫሱ ሰኔ ላይ ሄዱ። ሻንጣቸውን ጭነው ሲያበቁ ፊቴ ቁጢጥ ብለው «አንቺ ትንሽ ነው። ጥፋት የትልቅ ነው» አሉኝ። የሒሳብ ትምህርት መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዶርም ውስጥ ስለ ልጅነት ሲወራ፣ እኔም የሳቅ ታሪክ አለኝ ብዬ ጀመርኩ። ወንድሜ እንደሞተ ያን ጊዜ አውቃለሁ፤ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት። የሞተው ስላልተሳካልን ነበር የሚመስለኝ። የዶሮዋን ግጥም አልኩ፣ ሳቁ። የፍየሏን አልኩ፣ ሳቁ። የመጨረሻዋን ልል አፌን ከፍቼ፣ የመጀመሪያው መስመር እንኳ ሳይወጣ፣ ሰማኋት። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማኋት። የቀበሌውን ክፍል እንደገና አየሁት፤ ሁሉም ሰው እዚያው እንደተቀመጠ ነበር፤ ፊታቸው ብቻ ሌላ ሆነ።

ደብተሩ ሳይታጠብ ቢደርስ ኖሮ ግጥሟ አብራው አትደርስም ነበር። ይህን ያህል ግልጽ ነው። ሌላም ሊሆን ይችል እንደነበር አውቃለሁ፤ የቅዳሜው ስም ዝርዝር አስቀድሞ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ያን ዓመት ያለ ምንም ግጥም ስንቱ ተጭኗል። የምጠይቀው ሰው ግን የለም። ኢብራሂምንም ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ጓዶች ወስደውት አልተመለሰም። ማልቀስ አልሆነልኝም። አውቶቡስ ተሳፍሬ ከሚሴ ወረድኩ፤ የያዝኩትን ነገር ለባለቤቱ ማስረከብ ነው የፈለግኩት።

አንድ ነገር ልንገር። እናቴ ስለ ዘይኔ አታወራም፤ ስለዚያ ዓርብ ግን ታወራለች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ልጄ በሰባት ዓመቷ ጠመንጃ ፊት ቆማ ለወንድሟ ተናገረች፣ ወንድ ያላደረገውን አደረገች ትላለች። ከዘይኔ የቀራት ይህ ብቻ ነው፤ ሊያድነው የሞከረ ሰው እንደነበረ።

ጓሮ ማሽላ ስትለቅም አገኘኋት። ሳላቆም ነገርኳት፤ «አለቀ?» የሚለውን ጥያቄ፣ የቀረችዋን ግጥም፣ ድገሚያት መባሌን፣ ከረሜላውን። ግጥሟንም አልኳት። እናቴ እስክጨርስ እጇ ከሰፌዱ አልተነሳም። ከጨረስኩ በኋላም ጥቂት ለቀመች።

«ለማን ነገርሽ?» አለችኝ።

ለማንም፣ በዚያው ማታ ዶርም አብራኝ ለምታድር አንዲት ልጅ ብቻ አልኳት።

«የየት አገር ልጅ ናት?»

«የአርባ ምንጭ።»

«ሩቅ ነው» አለች። «ጥሩ።»

ራት አቀረበች፣ በላን፣ ቀድማኝ ተኛች። እንቅልፍ እንደወሰዳት አላውቅም፤ እኔን አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጠዋት እታ አስያ የአዲስ አበባዋን ተማሪ ልትጠይቅ መጣች፤ ከባቲ የመጣች ምራቷን መሊካንም አስከትላ። መሊካ አታውቀኝም። እናቴ ትኩስ ወተት አቅርባ ተቀመጠች፤ ሳትጠየቅ ጀመረች። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር አለች። የዒድ ቀሚሷን አልብሼ እኔ ራሴ አደረስኳት። እኔ ወለሉን አየሁ። እናቴ ቃል ሳትለውጥ ቀጠለች፤ ጠመንጃውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሦስቱን ሰዎች፣ ሳቃቸውን። ሳቁ ላይ ሁልጊዜ ታቆም ነበር፤ ያን ቀን አላቆመችም።

«ሊፈቱት ጨርሰው ነበር» አለች። «በእሷ አፍ ሊፈቱት ወስነው ነበር። የደሴዎቹ ቀደሙ እንጂ።»

ይህን ከእናቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ስል ታየኝ ነበር። መሊካ ከንፈሯን መጠጠች፤ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ ያን ሁሉ ሰው ስታይ አልፈራሽም ወይ አለችኝ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ጠበቀች።

«አልፈራሁም» አልኩ።